የአማቹ ነውር
የጡረተኛውን ዳኛ ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ውስጥ ቆመዋል። ገና ተቀመጡ አልተባሉም።

«ልጁ ሥራ አለው፤ አይጠጣም፤ ጫት አይቅምም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ተክለወልድ።

«ኮምፒውተር ላይ ዘንዶ ሲያሳድድ መዋሉንስ ለምን ሸሸጋችሁ?» አሉ ዳኛው ሲፈርዱ በኖሩበት ድምፅ። «ጎልማሳ ሰው ዕድሜውን በልጅ ጨዋታ ሲፈጅ አያፍርም? ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ልጄን አልድርም።»

አቶ ተክለወልድ አንገታቸውን ደፉ። «እውነት ነው፣ ክቡር ዳኛ። ግን ባለፈው ወር ጨዋታውን ጨርሶ ትቶታል።»

«ጨርሶ?»

«እስከ መጨረሻው፤ ሰባቱንም በር አልፎ።»

ዳኛው ባለቤታቸው ከጓዳ አለመውጣታቸውን ዘወር ብለው አረጋገጡ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦

«የአምስተኛውን በር ቁልፍ የት አገኘው?»