የታማሚው ድምፅ

ሮም ያለ ጳጳስ ሁለት ዓመት ከረመች። ሕዝቡ ተማረረና ጳጳስ የሚመርጡትን ካርዲናሎች አዳራሽ ውስጥ ቆለፈባቸው፤ ከደረቅ ዳቦና ከውሃ በቀር አላስገባም አለ። ዛሬ ለካርዲናል ላንዶልፎ የጎደላቸው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፅ ያልሰጡት ደግሞ አልጋ ላይ የዋሉት ሽማግሌው ካርዲናል ብሩኔቶ ናቸው።

እንደ ደንቡ ድምፅ ሰብሳቢው ወደ ታማሚው ክፍል ገባ። ብሩኔቶ ሞተዋል። ቀኝ እጃቸው ድምፃቸውን የጻፉባትን ወረቀት ጨብጦ ደርቋል። ሊያላቅቃት ታገለ፤ የሟቹ ጣቶች እምቢ አሉት። ከውጭ የሕዝቡ ጩኸት ይሰማል። በቃው። ሌላ ወረቀት አወጣና "ላንዶልፎ" ብሎ ጻፈ፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ።

ደወሉ ተደወለ። አዲሱ ጳጳስ ላንዶልፎ ግን ዙፋኑ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት፣ "መጀመሪያ የታመሙትን ወንድሜን ላመስግን" አሉ።

"ተኝተዋል ቅዱስ አባታችን፤ ባይቀሰቅሷቸው" አለ ድምፅ ሰብሳቢው።

"ብዙ አልቆይም።"

ከመሠዊያው ላይ ሻማ አንሥተው ብቻቸውን ገቡ።

ድምፅ ሰብሳቢው ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ፣ አሁን ይጮኻሉ፣ አሁን ይጮኻሉ እያለ ጠበቀ። ከውስጥ ኮሽ የሚል ነገር አልነበረም።

ጳጳሱ ፊታቸው ፈክቶ ወጡ።

"ባረኩኝ" አሉ ሁሉም እየሰማ። "ከእንግዲህ ይረፉ፤ ማንም እንዳይገባባቸው።"

ከዚያም ቀጥ ብለው ወደ ድምፅ ሰብሳቢው መጡና እጃቸውን ዘረጉለት። ሊሳለም ጎንበስ አለ። ጣቶቻቸው የተቃጠለ ወረቀት ይሸታሉ።