ከዝርዝሩ የተሰረዘችው መስመር

«የለም አባቴ... እሷ ዕቃ አልቃለች።»

ሰማኸኝ ይህን ሲል ዕቃዋ ከጀርባው መደርደሪያው ላይ ነበረች።

የዋሸው ደግሞ ቄስን ነው... ያውም መስቀላቸውን ተሳልሞ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው!

ሰማኸኝ ላሊበላ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ያገለገለ ገዝቶ ዕቃ እያሟላ ይሸጣል።

ቄስ ዘውገ ከገነተ ማርያም የመጡት ወይፈን ሸጠው ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ለሚማረው ልጃቸው ለአዳም ኮምፒውተር ሊገዙ...

«ልጄ የጻፈው ነው፤ እንዳለ አሟላልኝ» ብለው ወረቀት ሰጡት።

ሰማኸኝ አነበበ። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር፣ ኮር አይ ፋይቭ። ስምንት ጊጋ ራም። ቶሎ እንዲከፍት በሃርድ ዲስክ ፋንታ ኤስኤስዲ። ልጁ ብር የሚያውቅ ልጅ ነው፤ የባከነ ነገር የለም።

የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ግን ደሙ ፈላ።

«ግራፊክስ ካርድ፣ ትንሿ።»

ይቺ ዕቃ ጌም ሳይንቀራፈፍ እንዲሄድ የምትገባ ናት። ለማጥናት አታስፈልግም። ዋጋዋ ደግሞ የጠቅላላውን ሲሶ ያህላል።

«ይሄ ዋልጌ... አባቱ ወይፈን ሸጠው፣ እሱ ጌም ሊጫወት!» አለ በሆዱ።

ታዲያ ለምን አልነገራቸውም?

እንዴት ብሎ! በአባቱ ዕድሜ ላሉ ካህን «ልጅዎ እያታለለዎት ነው» ይባላል? አፉ አልታዘዝ አለው።

ስለዚህ «አልቃለች» አለ። መስመሯን በእስክሪብቶ ሰረዛት። የካርዷን ብር መለሰላቸው፤ ለነፍሴ ይሁነኝ ብሎም ከራሱ አንድ ተጨማሪ ራም በነጻ ሰካበት።

ቄስ ዘውገ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ... ተዉት። መርቀውት ሄዱ።

ሰማኸኝ በራሱ ኮራ። «ዛሬ አንድ አባት ከልጁ አዳንኩ» እያለ ጎኑ የዕደ ጥበብ ሱቅ ላላት ለሰብሌ ሳይቀር አወራ።

ሁለት ሳምንት አለፈ።

አንድ ጠዋት አንድ ወጣት በሩ ላይ ቆመ። በክራንች ነው። የቀኝ እግር ሱሪው ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ጋሼ ሰማኸኝ እርስዎ ነዎት? አዳም እባላለሁ... የቄስ ዘውገ ልጅ።»

ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

ራሟን ነው!

«ያልከፈልንባት ራም ተሰክታ አገኘሁ። ተሳስተው ይሆናል፣ ሳይጎዱ መልስላቸው አሉኝ አባባ።»

ሰማኸኝ ዋልጌ ያለው ልጅ እኮ ነው... በአንድ እግሩ መኪና ለመኪና ተንገላቶ የሰው ዕቃ ሊመልስ የመጣው።

«እሺ... ግራፊክስ ካርድ ለምን ጻፍህ ታዲያ?»

«የምን ግራፊክስ ካርድ?» ልጁ ግራ ገባው። «እኔ የጻፍኩት ለጥናት የሚበቃኝን ብቻ ነው።»

ሰማኸኝ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠው። አዳም የተሰረዘችውን መስመር ብዙ አያት።

«ይሄ የአባባ እጅ ጽሑፍ ነው...» አለ፤ ዐይኑ እንባ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ነገረው። የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን አጥቂ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከጦርነቱ የተረፈ ፈንጂ ማሳ ውስጥ አግኝቶት እግሩን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ኳስ ሲያወራ ተነስቶ ይወጣል።

«የኳስ ጌም ጭኜበት ነበር። ተንቀጥቅጦ ቆመ። ይሁን፣ ዋናው ትምህርቱ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሰማኸኝ ካርዷን ይዞ፣ ሱቁን ቆልፎ፣ ከልጁ ጋር ገነተ ማርያም ሄደ።

ቄስ ዘውገ እግር ላይ ወደቀ።

«ይፍቱኝ አባቴ... ዕቃዋ ነበረች። ዋሸሁዎት።»

ቄስ ዘውገ ክንዱን ይዘው አነሱት።

«እኔም ዋሽቼሃለሁ ልጄ... ሁሉንም ልጄ የጻፈው ነው አልኩህ። የአክስቱ ልጅ ቤት በኮምፒውተር የኳስ ጨዋታ ሲጫወት ሳቀ። በሁለት ዓመት አንዴ! በምን ዕቃ ነው የሚሠራው ብዬ ጠይቄ፣ እሱ ሳያየኝ ወረቀቱ ላይ ጨመርኳት። ካህን ሆኜ 'የጨዋታ ዕቃ ስጠኝ' ማለት አሳፈረኝ። አልቃለች ስትለኝም ሌላ ቦታ ልጠይቅ አላልኩም...»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተፋፈሩ። ዋልጌ የተባለው ግን ምንም ያላደረገው ልጅ ነው።

ካርዷ ተገጠመች። ጌሙ ሳይንቀጠቀጥ ተከፈተ። አዳም የአንዱን ተጫዋች ስም አጥፍቶ የራሱን ጻፈበት።

ተጫዋቹ ሮጠ... ሁለት አለፈ... መታ።

ገባ!

አዳም አልጮኸም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ... ከዚያ ሳቀ።

የጮኹት ጎል ምን እንደሆነ በቅጡ የማያውቁት ቄስ ዘውገ ናቸው። «ገባ! ገባ!» እያሉ ጥምጣማቸው ተፈትቶ ደጅ ድረስ ወጡ።

ሰማኸኝ ሊያያቸው አልቻለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወዳጆቼ... ሰማኸኝ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ቀላል ነበር! ሳይጠይቅ ፈረደ፤ ፍርዱንም ደግነት ብሎ ጠራው። እኛም በየቀኑ የምናደርገው ይህንኑ ነው። «ይቺን ለምን ፈለጓት አባቴ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይስቅ ነበር።

አባቶችና እናቶችም... ልጄ ይሳቅልኝ ማለት አያሳፍርም።

እስቲ እውነቱን እናውራ... ሳትጠይቁት የፈረዳችሁበት፣ በኋላ ግን አንገታችሁን ያስደፋችሁ ሰው ማን ነው? ይቅርታ ጠይቃችሁታል... ወይስ እስከ ዛሬ አፍራችኋል?