ማጥፊያው ከተጫነ በኋላ

የመጨረሻዋን ብሎን ፈታ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ስታነሳው፣ ከስምንት ዓመት በፊት በገዛ እጇ የበየደችው ሁሉ እንዳለ አገኘችው። አቧራ ከመልበሱ በቀር ማንም አልነካውም።

«ሳትጠቀምበት ነው እንዴ የኖርከው?» አለች ቀና ሳትል።

ታላቅ ወንድሟ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በጥገና ሱቋ በር አጠገብ ተቀምጧል። «ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ልሰጠው ነው። ተማሪዎቹን ኤሌክትሪክ እንዳይዛቸው እዪልኝ ብዬ ነው» አላት።

ስምንት ዓመት ሙሉ ለለቅሶ ካልሆነ ተገናኝተው አያውቁም። ያኔም ቢሆን «ደህና ነሽ?» «ደህና ነህ?» ተባብለው ነው የሚለያዩት።

ነገሩ የተበላሸው በዚሁ ዕቃ ነበር። ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ሲሄድ እሷ ጋ አስቀምጦት ሄደ። እሷ ደግሞ በሬዲዮና በቴፕ ጥገና ፀጉሯን ያሸበተች ሴት ናት፤ የታመመ ዕቃ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ከፈተችው። ድምፁን ለሚያጎሉት የመስታወት አምፖሎች፣ ለቫልቮቹ፣ ኃይል አጠራቅመው የሚያቀብሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች አርጅተው አብጠዋል። ሳትጠይቀው አውጥታ ጣለቻቸውና በአዲስ ተካቻቸው። ደስ ይለዋል ብላ ነበር።

ተመልሶ መጥቶ አንድ ጊዜ ክሩን መታና ፊቱ ተለዋወጠ። «ድምፁን ገደልሽው» አላት። እሷም የባንድ ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት፣ «ዕቃው ምንም አልሆነም፤ ያረጀው ጆሮህ ነው» አለችው። ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ ወጣ።

አሁን በቴስተሯ አንድ በአንድ ለካችና «ደህና ነው» አለች። «እስቲ አንዴ ንካው።»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ድምፁን ሳልሰማ እንዴት አድርጌ ነው ደህና ነው ብዬ የምሰጥህ?»

ሶኬቱን ሰካች። የመስታወት ቫልቮቹ ቀስ በቀስ ፍም መሰሉ። የወንድሟ ጣቶች መጀመሪያ እንደ እንግዳ አፈሩ፤ ከዚያ መንገዳቸውን አገኙ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ እንደታጠበ ብርጭቆ። እሷ አንድም እንከን አላገኘችበትም።

«ያው ነው» አለ እየተጫወተ። «አንቺ ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም። እኔ ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን አምኜው አላውቅም። መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ጊታሬ ተቃኝቷል ወይ ብዬ ጎኔ ያለውን ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ኋላ ሲሰለቸኝ ሙዚቃውን ተውኩት።»

«እጁን አሞት ነው የተወው ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«እንደዚያ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሥራ የያዘች ለመምሰል ያህል ማጥፊያውን ተጫነች። እሱ ግን አቀርቅሮ ስለነበር አላየም፤ መጫወቱን ቀጠለ።

ካፓሲተሮቹ ያጠራቀሙት ኃይል ወዲያው አያልቅምና አምፕሊፋየሩ መጮሁን አላቆመም። ኃይሉ እየተሟጠጠ ሲሄድ ድምፁ ወረደ፤ ሻከረ፤ ሳግ እንደተናነቀው ሰው ጫፍ ጫፉ ላይ ተሰባበረ። ከዚያ ጸጥ አለ።

አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለች ወንድሟ ከጎን ክፍል ሆኖ ያኔም አሮጌ በነበረው በዚሁ ዕቃ ሲለማመድ በግድግዳው አልፎ ይመጣባት የነበረው ነው።

«ሰማሽ?» አላት በሹክሹክታ።

ሰምታለች። የድሮዎቹ ካፓሲተሮች ደክመው ስለነበር ጠንከር አድርጎ በመታ ቁጥር ቫልቮቹ ኃይል ያጥራቸው፣ ይራቡ ነበር። እሱ የወደደው ያንን ረሃብ ነው። እሷ አጥግባ አጠፋችው።

ቴስተሯን አስቀመጠች። «ወንድም ጋሼ፣ ልክ ነበርክ» አለች። «ያኔም ልክ ነበርክ። ጆሮህ ምንም አልሆነም።»

ደስ ያለው አይመስልም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ስምንት ዓመት» አለ።

«ኃይሉን ቀነስ የሚያደርግ ነገር ልበይድበት እችላለሁ። እስከ ነገ ከሰጠኸኝ ይደርሳል።»

«የነገውን ተይውና አሁን አብሪው።»

አበራችው። ቫልቮቹ እስኪግሉ ጠበቁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ መምታት ሲጀምር አጠፋችው፤ ድምፁ መጣ፣ ሄደ። እንደገና አበራችው።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው በበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «እናንተም ጋ መብራት ይሄዳል ይመጣል እንዴ?» አለ። እሷ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳርፋ የወንድሟን እጅ ታያለች።