የጋሽ መልከጸዴቅ ልግስና

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሲታክ ከተማ፣ የሚኖሩበት አፓርታማ ፓርኪንግ ላይ ማንአልሞሽና ባሏ ዱሬሳ ነበሩ። ፍራሽ ጭኖ የመጣላቸው ጋሽ መልከጸዴቅ ነበረ። ጎረቤታቸው ኣብረሀትም ከመጀመሪያው ፎቅ በረንዳዋ ላይ ሆና ታያቸው ነበር።

ጋሽ መልከጸዴቅ ፒክአፑን የሁለት መኪና ቦታ ይዞ ፓርክ አድርጎ ገመዱን ይፈታል። ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዷል። ጠርዙ ላይ ከምን እንደመጣ ማንም ሊጠይቅ የማይፈልገው ቡናማ ካርታ አለ።

«ሶ፣ ብራንድ ኒው ነው ማለት ይቻላል» አለ። «ለሌላ ሰው ብሰጠው ይሻሙበታል። እኔ ግን መጀመሪያ የራሴን ሰው አልኩ። ከቤቴ አውጥቼ ነው የምሰጣችሁ።»

ይህቺኛዋ እንኳ እውነት ነበረች።

«እግዜር ይስጥልን ጋሼ» አለ ዱሬሳ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ።

ማንአልሞሽ ያንን አንገት አየችና ፊቷን አዞረች። ዱሬሳን ኦበርን ከተማ መጋዘን ሥራ ያስገባው ጋሽ መልከጸዴቅ ነው፤ በየጠዋቱ በዚሁ ፒክአፕ የሚወስደውም እሱ ነው። ስለዚህ ሲያመጣ መቀበል፣ ሲቀበሉም ማመስገን ግድ ሆኗል። በአፏ «እርስዎ» ትለዋለች፤ በልቧ ግን «አንተ» ካለችው ቆይታለች።

የዲቪ ሎተሪ ደርሷቸው የመጡ ሰሞን መጀመሪያ ያመጣላቸው ቀበቶው የተበጠሰ የመሮጫ ማሽን ነበር። «ልብስ ታሰጡበታላችሁ» አላቸው። ቀጥሎ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ የገና ዛፍ መጣ። ከዚያ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ፤ ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖሩ፣ አንዲት የጤና አዳም ስር እንኳ ለሌላቸው ሰዎች። ከዚያ የሕፃን የመኪና ወንበር መጣ። ልጅም የላቸው፣ መኪናም የላቸው።

ነገሩን ለማንአልሞሽ የገለጠችላት ኣብረሀት ናት። እዚህ አገር ዕቃ መግዛት ምንም አይደለም፤ መከራው መጣሉ ነው። የሪሳይክል ገንዳው እንዲህ ያለውን አይቀበልም፤ ቆሻሻ መድፊያው ጋ ወስዶ መጣል ያስከፍላል፤ ገንዳ ሥር ጥሎ የሄደን ሰው ደግሞ ካሜራ ያነሳዋል። «ሶ፣ አዲስ ሰው መጣ ሲባል ሁሉም ደግ ይሆናል» ብላት ነበር። «እኛም ስንመጣ ሦስት ፍሪጅ ደርሶናል። አንዱም አያቀዘቅዝም።»

«በል ያዝ በዚያ በኩል» አለ ጋሽ መልከጸዴቅ። ፍራሹ ከፒክአፑ ግማሹ ወርዶ ዱሬሳ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ቆዩኝማ ጋሼ፣ አንዴ» አለች ማንአልሞሽና ደረጃውን ወጣች።

«ኧረ አትቸገሪ» አላት ከኋላዋ። ወደ ዱሬሳ ዞሮም ፈገግ አለ። «ድፎ ከሆነ ግን እምቢ አልልም።»

ስትመለስ በአንድ እጇ የሕፃኑን ወንበር አንጠልጥላለች፤ ጎማውን ትከሻዋ ላይ ጠምጥማለች። ሁለቱንም ፒክአፑ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም ጋሼ። እርስዎ ጭነው መጥተው ባዶዎን ቢሄዱ ለኛ ነውር ነው።»

«ይሄ እኮ እኔ የሰጠኋችሁ ነው።»

«አዎ። እኛም ከቤታችን አውጥተን ነው።»

በረንዳው ላይ ኣብረሀት ሳቋን ለቀቀችው። ወዲያው በነጠላ ጫማዋ ወርዳ መጣች። «ያንን ማሽን ብቻሽን አትችይውም፤ ነይ» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች የመሮጫ ማሽኑን በየደረጃው እያንጓጉ አወረዱት። የገና ዛፉን ኣብረሀት ተመልሳ አመጣችውና ከላይ ጣል አደረገችው።

ጋሽ መልከጸዴቅ ከሴቶቹ ጋር መነጋገሩን ተወው። ወደ ዱሬሳ ዞረ።

«አንተ፣ ሚስትህን ያዝ። ሰኞ ጠዋት ማን እንደሚወስድህ አስበህበታል?»

ፍራሹ አሁንም ዱሬሳ ትከሻ ላይ ነው። ማንአልሞሽ አየችው፤ አሁን ይቅርታ ይጠይቃል ብላ አስቀድማ ናቀችው። እሱ ግን ጎንበስ አለና ፍራሹን በትከሻው መልሶ ወደ ፒክአፑ ገፋው። ገመዱንም አንስቶ ጭነቱን ሁሉ፣ መጋዘን ውስጥ እንደለመደው፣ አጥብቆ አሰረው።

«መንገድ ላይ እንዳይወድቅብዎ ጋሼ» አለው።

ጋሽ መልከጸዴቅ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሰኞ ጠዋት አልመጣም። ዱሬሳ ኦበርን በአውቶቡስ ሄደ፤ አርፍዶም ገባ።