የሦስት ቀን ሐዘንተኛ

ደርበው በሩን ሲከፍት ጥቁር የለበሱ እናት ቆመዋል። ከወንዙ ማዶ፣ ከጠላት አገር ነው የመጡት። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ጦርነት ይታወጅ ብሎ በምስጢር ድምፅ የሰጠ ሁሉ፣ ከወዲያኛው ወገን በጦርነቱ ልጁን ያጣ ወላጅ በቤቱ ተቀብሎ ሦስት ቀን ለቅሶ ያስቀምጣል።

ሚስቱ ስንዱ ሴትዮዋን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

"አልደገፍኩም ብለኸኝ ነበር እኮ" አለችው ቀስ ብላ።

ፊቱን አዙሮ ፍራሽ መሬት ላይ አነጠፈ። ሴትዮዋ የልጃቸውን ፎቶ ታቅፈው ተቀመጡ። ልጁ ፎቶው ላይ የተማሪ ቤት ሹራቡን እንደለበሰ ይስቃል። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ከሰፈሩ ሰው ግን አንድም ብቅ ያለ የለም።

"ጎረቤት የለህም እንዴ፣ ልጄ?" አሉት ሴትዮዋ። "እናንተ አገር ሰው ብቻውን ነው የሚያለቅሰው?"

ደርበው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። የእድሩን ዳኛ ጋሽ ዘለቀን ሊጠራ እየሮጠ ወጣ። እሳቸው እንኳን ሻይ ቤቱ ውስጥ "ጦርነት ይቅርብን" ሲሉ የከረሙ ሰው ናቸው፤ ሰው ይዘው ይመጣሉ።

ጋሽ ዘለቀን ደጃፋቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገኛቸው። ከኋላቸው፣ ፍራሽ ላይ፣ አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ይንሰቀሰቃሉ።

"የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል ብዬ እኮ ነው" አሉ ጋሽ ዘለቀ።

ደርበውም ድምፅ ሲሰጥ ለራሱ ያለው ይህንኑ ነበር። ቀና ብሎ ሰፈሩን አየ። ከየቤቱ ለቅሶ ይሰማል፤ መንገዱ ላይ ግን ለቅሶ የሚደርስ አንድ ሰው አልነበረም።