ጨው የተነሰነሰበት በረዶ

ፈሪሃ ማለዳ ተነስታ ሰገደች፤ ላሟን አለበች፤ ደጃፉን ጠረገች። ባሏ አብዱሰላም ከጓሮ አንድ የበሰለ ፓፓያ ቆርጦ ገባ። የሸዋ ሮቢት ጠዋት ገና ከጅምሩ ያቃጥላል፤ ዝንቡ ከሰው ቀድሞ ይነሳል። ክረምት ነውና ወንዙ ዳር ውሃ አቁሯል፤ ንዳዱም በየቤቱ ገብቷል።

ይሁኔ በቅሎውን እየነዳ ደረሰ። ደብረ ሲና ተራራ ላይ የወረደውን በረዶ እያፈሰ፣ በገለባ ሸፍኖ ሌሊቱን ቁልቁል እያወረደ ለጣሊያን ሹማምንት የሚሸጥ ሰው ነው። መጠጣቸውን ያቀዘቅዙበታል።

"ጋሼ ይሁኔ፣ አንድ ቅል ያህል ይስጡኝ" አለ አብዱሰላም።

"አንተም እንደ ሹሞቹ ቀዝቃዛ አማረህ?" አለና እየሳቀ ዘገነለት።

በረዶው ለመጠጥ አልነበረም። ጎረቤታቸው ሐጂራ ልጇን ሩቅያን ታቅፋ በእነሱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ እንደ ፍም ትግላለች። አብዱሰላም "ከነጋዴ ገዛሁት" ብሎ የሰጣትን ኪኒን ከምሬቱ የተነሳ በዋጠችው ቁጥር አስመልሳዋለች። የቀረው ለዛሬ ጠዋትና ማታ የሚሆን ብቻ ነው። ይህንም ካስመለሰችው ሌላ የለም።

አብዱሰላም ቤይሩት ሕክምና የተማረ፣ አዲስ አበባ ተመልሶም የንዳድን መነሻ በሰው ደም ውስጥ በአጉሊ መነጽር ሲፈልግ የኖረ ሰው መሆኑን እዚህ ከፈሪሃ በቀር የሚያውቅ የለም። በየካቲቱ እልቂት የተማረ ሰው እየታደነ ሲገደል ወደ እሷ አባት ቤት ወረዱ፤ ለጎረቤት "የከሰረ ነጋዴ ነው" ተባለ። ግን እጁ አላርፍ አለ። የትንኝ እጭ ለማየት ከኩሬ ኩሬ ሲዞር የሚያየው ሰው ዓሣ ያጠምዳል ይለዋል።

አሁን የአፋር አሞሌ ሰብሮ አደቀቀና ቅዝቃዜው እንዲበረታ በረዶው ላይ ነሰነሰው።

"ኧረ በሥላሴ!" አለ ይሁኔ። "በረዶም እንደ ቋንጣ ጨው ይነሰነስበታል?"

አብዱሰላም ፓፓያውን ከወተትና ከማር ጋር ለወሰው፤ በጣሳ አድርጎ በረዶው ውስጥ አስቀመጠና በሁለት መዳፉ ያሽከረክረው ጀመር። ፈሪሃ ያንን እጅ ታውቀዋለች። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ያለ አይስክሬም በሎሚ ሠርቶላት ነበር። ቤይሩት ያከራዩት ሴትዮ ናቸው ያስተማሩት። ያን ጊዜ በር አይዘጉም ነበር። አሁን ደጋግማ ወደ በሩ ታያለች።

"በትኩሳት ላይ ብርድ?" አለች ሐጂራ ልጇን ወደ ደረቷ እየሳበች። "አንተ ሰውዬ፣ ልትገድልብኝ ነው?"

"ምላሷ ይደንዝዝ ብዬ ነው። ከደነዘዘ ምሬቱን አታውቀውም።"

የሐኪም ቤት ድምፁ ነው። ፈሪሃ ሳል አስመስላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይሁኔ ሳቁን አቆመ።

የመጀመሪያው ማንኪያ ሲገባ ሩቅያ ዓይኗን ገለጠች። ሁለተኛው ገባ። በሦስተኛው ውስጥ ኪኒኑ ነበር። ዋጠችው። ሁሉም አፏን አፏን እያዩ ቆዩ።

"ሌላ" አለች ልጅቷ።

ሐጂራ ዘላ ተነሳችና እልል አለች። በዚህ አገር የታመመ ሲመለስ ዝም አይባልም፤ ዝም ማለት ውለታን መካድ ነው። ፈሪሃ አፏን ልትይዛት ሮጠች፤ አልደረሰችም። ጎረቤቱ በአጥር እየተንጠራራ ገባ።

"ማን ወለደ? ወንድ ነው?"

"የምን ወንድ! ጎረቤቴ ሐኪም ነው!" አለች ሐጂራ እያነባች። "ጨው ጥሎ ወተቱን ድንጋይ አደረገው! ልጄን መለሰልኝ፤ አላህ እሱንም ይጠብቅልኝ!"

ሁሉም ሳቀ፣ መረቀ። ከገቡት መካከል የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ወርቁ ብቻ አልሳቀም። ጣሳውን አንስቶ አየው።

"የት ነው የተማርከው፣ ጃል?" አለ በለስላሳ ድምፅ። መልስ ሳይጠብቅ ጣሳውን መልሶ አስቀመጠና ወጣ፤ እርምጃው ወደ ጦር ሰፈሩ ነበር።

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሐጂራ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

"የማታውን ኪኒን በዚሁ ስጫት" አለ አብዱሰላም ለፈሪሃ። "በረዶው ከቀለጠ በማር ይሁን።"

ይሁኔ የበቅሎዋን ጭነት ፈትቶ የሹማምንቱን በረዶ ግቢው ላይ ደፋው።

"ዛሬ ሙቅ ይጠጡ" አለ። "ና ውጣ፣ ልጄ። በአፋር በኩል አሻግርሃለሁ።"

አብዱሰላም ተከትሎት ወጣ፤ የበቅሎዋ ኮቴ እየራቀ ሄደ። ኋላ ጎረቤቱ አንድ በአንድ ሹልክ ሹልክ እያለ ሄደ። ሩቅያ ግንባሯ በላብ ርሶ ተኝታለች። ፈሪሃ ጎንበስ ብላ ትኩሳቷን ዳሰሰች፤ በርዷል። "በርዷል" ልትለው ቀና አለች።

በሩ ሥር የሴት ጫማ ብቻ አለ። የአብዱሰላም የለም።