የተላጨው መደብ

አትክልተኛው ቃል አያባክንም። ልጁን ሊያገባ ለሚፈልገው ፀጉር ቆራጭ የተናገረው ይህን ብቻ ነበር።

«የካሮት መደቡን አርምልኝ። ስመለስ አንድ አረም ካየሁ፣ ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትመጣ።»

ከዚያ የተበላሸውን የውሃ ፓምፕ ብስክሌቱ ላይ አስሮ ሊያሠራ ሄደ።

ፀጉር ቆራጩ በደስታ መሬት አልበቃው አለ። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ሰላምታው የሚመለስለት በአገጭ ነበር። ቂሙ የሪዝ ነው። አትክልተኛው አንድ ቀን ሊስተካከል ሄዶ፣ የቀኙ ሪዝ ከግራው ረዘመ። ቀኙ ሲያጥር ግራው በለጠ። ግራው ሲያጥር ቀኙ በለጠ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሪዙ አለቀ። ልጅቷ አባቷን በዚያ መልኩ ስታየው ስቃ ስቃ ሞተች፤ ይህን የሠራው ማን እንደሆነ ልታይ ሄዳ በዚያው ወደደችው። አሁን የቀራቸው የአባት ምርቃት ብቻ ነው።

ደስታው መደቡ ዳር ሲደርስ በነነ። መሬቱ ከአጥር እስከ አጥር አረንጓዴ ነው። ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም ለጋ፣ ሁሉም ቅጠል።

«ካሮቱ የቱ ነው?» አለ።

«እሰይ! ሲበላ እንጂ ሲበቅል አያውቀውም!» አለች የአትክልተኛው እህት፣ የልጅቷ አክስት። የተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነበር። «ከምላጭ ወደ መኮትኮቻ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

«እትዬ፣ እርስዎ ያሳዩኛ።»

አክስትየው ተነስታ መጣች። እሷም ብትሆን ሥራዋ ገበያ ላይ ነው፤ ካሮትን የምታውቀው ታጥቦ ነው። ግን አላውቅም ማለት አትወድም።

«ይቺ ካሮት ናት። ይቺም። ይቺኛዋ... ይቺም ሳትሆን አትቀርም።»

«አረሙስ?»

«አረሙን አንተ ፈልግ! እኔ ነኝ እንዴ የማገባው?»

የሚጠየቅ ሌላ ሰው አልነበረም። አትክልተኛው ሲዘራ አጠገቡ ሰው ማቆም አይወድም፤ «ወሬ ከያዝኩ እጄ ዘር ያበዛል» ይላል። ቤተሰቡ የሚያየው አፈሩን አለስልሶ ጠዋት ጠዋት ሲያጠጣ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ጠባዩ ተለውጧል። የእርሻ ሰርቶ ማሳያ ጎብኝቶ እንደተመለሰ የአረም መርዝ መርጫውን ለብረት ሰብሳቢ ሰጠና፣ «ከእንግዲህ አረምን የምይዘው በገዛ ችኮላው ነው» አለ። እህቱ ፀሐይ መትቶታል ብላ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አደረገችለት።

ልጅቷ ከልብስ ማስጫው ሮጣ መጣች። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው።

«የቱን ነቀልክ?»

«ገና ምንም። ንገሪኝ እስቲ፣ ካሮት ሲበቅል ምን ይመስላል?»

«እኔ ስፌት ቤት አይደል የምውለው? ቀጭን ነው መሰለኝ። ፀጉር ፀጉር የሚል።»

«እኔ የማየው ሁሉ ፀጉር ነው።»

ሳቅ አመለጣት። እሱም አመለጠው። ሁለቱም መደቡ ዳር ቁጢጥ ብለው ሆዳቸውን ያዙ።

«ሳቁ! ሳቁ!» አለች አክስትየው። «የዓመት ቀለባችን እዚህ አፈር ላይ ነው ያለው። እሱን ሲጨርሰው ደግሞ ታለቅሻታለሽ!»

«አባትሽ ሲዘራ መስመር አያስይዝም?» አለ ፀጉር ቆራጩ እንባውን እየጠረገ።

«አባዬ? በገመድ ለክቶ ነው እንጂ። እኔ የሰፋሁለት ሸሚዝ ስፌቱ ጠመመ ብሎ ስንት ቀን አኩርፎኛል።»

«ፀሐይዋ ሄደች!» ጮኸች አክስትየው። «የሸሚዝ ወሬ ይዘዋል!»

ፀጉር ቆራጩ ተነሳ። ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ የደንበኛ ማጅራት እንደሚያይ ሰው፣ መስመር እየፈለገ መደቡን አንዴ ዞረው። ከዚያ አፉ ጠፍጣፋ የሆነውን መኮትኮቻ አነሳና በአንዱ ጥግ ጀመረ። አፈሩን አልገለበጠም። ቆዳ ላይ እንደሚሄድ ምላጭ ከላይ ከላይ አስኬደው። ያገኘውን ሁሉ ቆረጠ። ቀጭኑንም፣ ሰፊውንም፣ ፀጉር ፀጉር የሚለውንም።

«ኧረ ያ ካሮት ነው!» አክስትየው ራሷን ያዘች። «ኧረ ያም ካሮት ነው! ወይኔ፣ ልክ እንደ ሪዙ! ቀኙን ላስተካክል ብሎ ጨረሰው!»

«አንተ!» አለች ልጅቷ። «እየቀለድክ ነው አይደል?»

«አታሳስቂኝ፣ እጄ ይስታል።»

ልጅቷ መሳቅ ጀምራ መሃል ላይ ተወችው። አክስትየው ሣጥኗን ገልብጣ የተቆረጠውን መልቀም ጀመረች፤ መልሳ ልትተክለው ነበር። ፀጉር ቆራጩ የመጨረሻውን ጥግ ሲያደርስ መደቡ እንደ መዳፍ ልሙጥ ሆኖ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየው እሱንም ላብ አጠመቀው።

የብስክሌት ደወል ተሰማ።

«ወንድሜ፣ ጉድህን ና እይ!» ብላ አክስትየው በሩ ድረስ ሮጠች።

አትክልተኛው ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደገፈ። መደቡን ከዳር እስከ ዳር አየው። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንድም አላስቀረህም?»

«አንድም።»

ልጅቷ መጥታ ከፀጉር ቆራጩ ጎን ቆመች። «አባዬ፣ ከተቆጣህ ሁለታችንንም ተቆጣ።»

«ደግሞ ምን ይጠየቃል!» አለች አክስትየው፣ እቅፍ ሙሉ ቅጠል ይዛ። «ካሮቱን ላጭቶ ጨረሰልህ እኮ!»

«የቱን ካሮት?» አለ አትክልተኛው። «ገና ነገ ልዘራ አይደል እንዴ!»